ቁልቁለት ስወርድ ጉልበቴ ይከዳኛል

ስትሮክ ቀኝ እግሬን ካደከመው ወዲህ የእግሬ ጣቶች መሬት እየጎተቱ ያደናቅፉኛል። ስለዚህ ከጉልበት በታች የሚታሰር የፕላስቲክ ድጋፍ ጫማ ውስጥ አደርጋለሁ። ድጋፉ ወጥ ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ መታጠፊያ የለውም። ፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ ከዘራዬን በግራ እጄ ይዤ ያለ ሰው እርዳታ እራመዳለሁ።

ችግሩ ቤቴ ፒያሳ መሆኑ ነው። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስወርድ፣ ተረከዜ መሬት በነካ ቁጥር ድጋፉ ቅልጥሜን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ጉልበቴም ድንገት ይታጠፋል። ሽቅብ ስመለስ ይደክመኛል እንጂ አይጥለኝም። (ሰው ሁሉ የሚፈራልኝ ግን ዳገቱን ነው!)

ጫማዬን ከ41 ወደ 42 ቀየርሁ፤ የውስጥ ንጣፉንም አወጣሁ። መቆንጠጡ ቀረ፣ ጉልበቴ ግን ያው ነው። የጭን ጡንቻ ማጠንከሪያውን አላቋረጥሁም። ባቴም ብዙ አይኮማተርም። ድጋፉን የሠራልኝ ባለሙያ መታጠፊያ ያለው ልሥራልህ ይላል፤ ዋጋው ግን ለጡረተኛ የሚቀመስ አይደለም። ጎረቤቴ ደግሞ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄደህ ተረከዙን አስቀንስ ይለኛል።

ወጡን ድጋፍ ባለመታጠፊያ በሆነው የቀየራችሁ ሰዎች፣ ቁልቁለት ላይ የጉልበታችሁ መክዳት ቀረላችሁ ወይስ የጫማውን ተረከዝ ማሳጠሩ ይበቃ ነበር?