አባቴ የቀረጸልኝ ቼዝ በኤሌክትሮኒክ ቦርድ ላይ፦ ንጉሡና ንግሥቷ ለምን አይነበቡም?

የጎንደሩ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ካስቸገረኝ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

አባቴ ጎንደር ውስጥ አናጺ ነበር። አሁን 74 ዓመቱ ነው፤ ሥራውን ትቷል፣ እጁ ግን አልተወም። እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አምና እህቴ ስትመጣ ራሱ የቀረጸውን ቼዝ ላከልኝ። ነጩ ከዝግባ ነው፣ ጥቁሩ ከወይራ። ግንቡን የፋሲል ግንብ አድርጎታል፤ በአራቱ ማዕዘን ያሉት ክብ ማማዎች ከነጉልላታቸው አሉ። ፈረሱ ኮርቻና ልጓም አለው። ልጓሙ ከክብሪት እንጨት የቀጠነ ነው። በምን ዓይኑ እንደሠራው አላውቅም።

እሁድ እሁድ ከእሱ ጋር ሊቼስ በሚባለው የኢንተርኔት ቼዝ ላይ እንጫወታለን። እኔ ዘንድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ እሱ ዘንድ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ። እሱ የወንድሜን ላፕቶፕ ይጠቀማል። እኔ ግን የሱን ጠጠሮች መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ ስክሪን ላይ ሥዕል መጎተቱ ሆዴን ይበላኝ ጀመር። የሱን ፈረስ በእጄ ይዤ ከሱ ጋር መጫወት ነው የምፈልገው።

ስለዚህ ያገለገለ የዲጂቲ ቦርድ ገዛሁ፤ የትኛው ጠጠር የት እንዳለ አንብቦ ለኮምፒውተር የሚናገር የቼዝ ሰሌዳ ነው። ካሬው 55 ሚሊሜትር ነው። አብረውት የመጡት ጠጠሮች ግማሾቹ አንገታቸው የተሰበረ ነበር። ከሥራቸው ትንንሾቹን ጥቅልል ሽቦዎች አወጣሁ፣ 32 ናቸው። ከዚያ የአባቴን ጠጠሮች ሥር በትራፓኖ ትንሽ ትንሽ እየቦረቦርኩ እያንዳንዱን በየቦታው ገጠምኩ። ጥልቀቱ 6 ሚሊሜትር ነው። የመጀመሪያውን ወታደር ስበሳ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

28ቱ ልክ ናቸው። አራቱ እምቢ አሉ። ሁለቱ ነገሥታት ጭራሽ አይታዩም። ነጯ ንግሥት አንዳንዴ ትጠፋለች፣ አንዳንዴ ሌላ ጠጠር ሆና ትነበባለች። ጥቁሯም እንደዚያው። ጥቅልሎቹን አውጥቼ ለብቻቸው ቦርዱ ላይ ሳስቀምጣቸው በትክክል ይነበባሉ። ብረት ይኖርበታል ብዬ በማግኔት ሞከርኩ፤ ምንም አይስብም። አራቱ ከሌሎቹ ከበድ ይላሉ። ሥራቸው ላይ ደግሞ በጣም ቀጭን ክብ መስመር አለ፤ የእንጨቱ ቀለበት መሰለኝ።

አባቴን አልጠየቅኩትም። ሲያልቅ በቪዲዮ ላሳየው ስለፈለግኩ ነው።

---

ስታኞ (ከሽቱትጋርት)

ሰላም ወንድሜ። በመጀመሪያ አባትህን እግዜር ያቆይልህ። ፎቶ ብትለጥፍልን ደስ ይለኛል።

እኔ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ነው የምሠራው፤ እንዲህ ያለ ቦርድ ሁለት ጊዜ ከፍቼ አይቻለሁ። ችግርህ የት እንዳለ ለመገመት አሠራሩን ማወቅ አለብህ።

የኤሌክትሮኒክ ቦርድ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ርካሾቹ በማግኔት ነው የሚሠሩት። ጠጠሩ ሥር ማግኔት አለ፣ ካሬው ሥር ደግሞ ማግኔት ሲቀርበው የሚነቃ ሴንሰር አለ። እንዲህ ያለው ቦርድ ካሬው ተይዟል ወይም ባዶ ነው ከማለት ሌላ የሚያውቀው የለም። ማን እንደተቀመጠ የሚገምተው ከመነሻው አሰላለፍ ተነስቶ ነው። ሌሎቹ በጠጠሩ ሥር የሚለጠፍ፣ በሬዲዮ የሚነበብ የአርኤፍአይዲ ቺፕ ያነባሉ፤ እያንዳንዱ ቺፕ የራሱ ቁጥር አለው። ያንተ ከሁለቱም ይለያል። ያንተ ጠጠር ውስጥ ያለው ጥቅልል ሽቦና ካፓሲተር የሚባል ትንሽ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ብቻ ነው። ባትሪ የለውም፣ ቁጥር የለውም፣ ምንም አያስታውስም።

ክራር ቤት ውስጥ ሰቅለህ ታውቃለህ? ሌላ ሰው አጠገቡ አንድ ድምፅ ሲያወጣ፣ በዚያ ድምፅ የተቃኘው ክር ብቻ ማንም ሳይነካው እምም ይላል። ቦርዱ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በየካሬው ሥር በሚያልፉት ሽቦዎች የተለያየ ፍሪኩዌንሲ ይልካል። ነጭ ንጉሥ በአንዱ ተቃኝቷል፣ ጥቁር ወታደር በሌላው። 12 ዓይነት ጠጠር ስላለ ቢያንስ 12 ቅኝት ያስፈልጋል። ቦርዱ የላከውን ያስተጋባው ጠጠር ማንነቱን ተናገረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ማግኔትህ ልምጣ። ማግኔት የሚነግርህ ብረት መኖር አለመኖሩን ብቻ ነው። ነሐስ፣ መዳብ፣ እርሳስ፣ አሉሚኒየም፣ አንዱንም አይስብም። ጥቅልሉን ግን ሁሉም ይረብሹታል። ጥቅልሉ አጠገብ ጠፍጣፋ የነሐስ ቁራጭ ካለ፣ ቁራጩ ውስጥ የሚዞር ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ያ ኤሌክትሪክ የጥቅልሉን ኢንዳክታንስ፣ ማለትም ቅኝቱን ከሚወስኑት አንዱን ባሕርይ፣ ይቀንስበታል፣ ኃይሉንም ይበላዋል። ኢንዳክታንሱ በ10 በመቶ ቢቀንስ ፍሪኩዌንሲው በ5 በመቶ አካባቢ ከፍ ይላል። ይሄ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ንግሥትህ ከጎረቤቷ ቅኝት ላይ ልታርፍ ትችላለች። ሌላ ጠጠር ሆና የምትነበበው ለዚህ ነው። ንጉሡ ደግሞ ጭራሽ ስለደከመ ድምፁ አይሰማም።

ስለዚህ እኔ በበኩሌ አራቱ ውስጥ ብረት ያልሆነ ብረታብረት አለ ብዬ እርግጠኛ ነኝ። አናጺ ሰው ንጉሡ እንዳይወድቅ ክብደት ይጨምርበታል። ምን እንደጨመረ ግን እንጨቱን ለሚያውቅ ሰው ልተወው።

---

ሞርሳ (ከአዲስ አበባ)

እህታችን ስታኞ ልክ ናት። እኔ አናጺ ነኝ፤ ያልከውን ክብ መስመር ሳነብ ወዲያው ገባኝ። የእንጨት ቀለበት ከሥር ሲታይ ክብ ሆኖ መሃል ላይ አይቀመጥም፤ ከግንዱ መሃል ካልተቆረጠ በስተቀር ቅስት ነው የሚሆነው። በአራቱም ላይ ብቻ፣ በአራቱም መሃል ላይ ከሆነ እሱ ውታፍ ነው። አባትህ ቀዳዳ ቦርቡሮ፣ ክብደት አስገብቶ፣ ከዚያው እንጨት ክብ ቆርጦ ደፍኖታል። መስመሩ ይሄን ያህል ከቀጠነ ደግሞ ጎበዝ አናጺ ነው። እጁን ሳሙልኝ።

አወጣጡን ልንገርህ፤ እዚህ ላይ ነው ሰው ዕቃ የሚያበላሸው።

ጠጠሩን በባዶ ሞርሳ እንዳትይዘው። የዝግባው አንገት ይሰበራል። አሮጌ ፎጣ ጠቅልለህ፣ ጠጠሩ እንዳይንሸራተት ያህል ብቻ ሞርሳውን አጥብቀው። ከዚያ ቀጭን ፑንታ፣ ሦስት ሚሊሜትር፣ አንተ በቦረቦርከው ቀዳዳ በኩል ቀስ እያልክ ወደ ላይ አስገባ። ፑንታው ላይ ፕላስተር ጠቅልለህ ጥልቀቱን ምልክት አድርግ። ብረታብረት ስትነካ ድምፁ ይለወጣል። እዚያ አቁም። ከዚያ የውታፉን ጠርዝ በስለት ተከትለህ ፈልቅቀው።

ዝግባና ወይራ አንድ አይደሉም። ዝግባ ለስላሳ ነው፤ ከቸኮልክ ፑንታው ጠልቆ ይገባና ጠርዙን ያነሳዋል። ወይራ ድንጋይ ነው። ፑንታው ይግላል፣ እንጨቱም ይጠቁራል። በየአምስት ሰከንዱ አውጣው፣ ያቀዝቅዝ። ሽታው የቤት ጢስ ሽታ ከሆነ ተቃጥሏል ማለት ነው። የወይራ ጢስ ወተት ዕቃ ለማጠን እንጂ ለቼዝ አይሆንም።

ጥቅልሉን መልሰህ ስትገጥም በኮላ እንዳትለጥፈው። ሰም አቅልጠህ አፍስስበት። ሰም ይይዛል፤ ነገ ማውጣት ብትፈልግ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ስታደርገው ይለቃል። ኮላ ከሆነ አባትህ የሠራውን እንጨት ካልሰበርክ አይወጣም። እኔ የሰው ዕቃ ስጠግን የምከተለው ይህን ነው፦ ሊመለስ የማይችል ነገር አላደርግም።

---

ስታኞ

ሞርሳ ስላለው ሰም ልጨምር። ጥቅልሉ ሁልጊዜ ለጥ ብሎ፣ በጠጠሩ እምብርት ላይ፣ በ32ቱም እኩል ጥልቀት ይሁን። ካዘነበለ ድምፁ ይደክማል።

ክብደቱን የግድ መጣል የለብህም። ከጥቅልሉ አርቀው። ቢያንስ የጥቅልሉን ስፋት ያህል ወደ ላይ ከፍ ካለ የሚያደርሰው ጉዳት ከቁጥር አይገባም። በመሃል ፌራይት የሚባል ጥቁር ስስ ነገር የሚያስገቡ አሉ። አንተ አታድርገው። ፌራይትም ራሱ ቅኝቱን ይለውጠዋል፤ ያንተ ጥቅልሎች ቀድመው የተቃኙ ናቸው።

---

ወረራ

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣና። አያቴ ሰንጠረዥ የሚባለውን የድሮውን የኢትዮጵያ ቼዝ ይጫወት ነበር። ለማታውቁት፣ መጀመሪያ ላይ ወረራ የሚባል አለ። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ይህ ቦርድ እሱን መከታተል ይችላል?

---

ስታኞ

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ቦርዱ ራሱ ይችላል። የዚህ ዓይነት ቦርድ የተራ ነገር አያውቅም፤ የት ምን እንዳለ ብቻ ነው የሚናገረው። የሚያስቸግረው ፕሮግራሙ ነው። ነጭ ሁለት ጊዜ ሲሄድ ስህተት ነው ብሎ ይቆማል። አንድ ፕሮግራመር ወረራውን ዝም ብሎ የሚመለከት፣ አንድ ጠጠር ሲጎድል ብቻ ተራ መቁጠር የሚጀምር ፕሮግራም ቢጽፍ ይሠራል። በማግኔት ቦርድ ግን አይሆንም። ሁለት ሰው እኩል ጠጠር ሲያነሳ ማን የት እንደሄደ ይጠፋበታል። ወረራ፣ የአያትህን ሕግ የምታስታውሰውን ያህል ጻፍልን እባክህ።

---

የጎንደሩ ልጅ

ወንድሞቼ፣ እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ከፈትኩት።

ሞርሳ እንዳልከው ውታፍ ነበር። ነጩን ንጉሥ ስፈለቅቅ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ውታፉ ሲነሳ ከውስጡ ሰም የተቀባ ነገር ብልጭ አለ። በጥፍሬ ስጠርገው አንበሳ ወጣ። አምስት ሳንቲም ነው። የ1969ኙ፣ ያ ነሐሱ። ሁለት ተደርበው ነበር። ጥቁሩም እንደዚያው። ንግሥቶቹ ውስጥ አንድ አንድ ነበር። ለካ ንግሥቶቹ ጭራሽ ሳይጠፉ የሚምታቱት ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። እዚያ ገና ሌሊት ነበር፤ እስኪነጋ ጠብቄ ደወልኩለት። "አባዬ፣ ንጉሡ ሆድ ውስጥ ሳንቲም አገኘሁ" አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ "ለምን ከፈትከው?" አለኝ። አስረዳሁት። ጥቅልል፣ ፍሪኩዌንሲ፣ ስለ ክራሩም ነገርኩት። ክራሩ ላይ ገባው። ሳንቲሞቹ እኔ ልጅ ሆኜ ዳቦ ስላከ የማመጣቸው መልሶች ናቸው አለኝ። በቆርቆሮ ያጠራቅማቸው ነበር። እርሳስ ፈልጎ አጥቶ ነው እነሱን የተጠቀመው።

ስለዚህ መጣል የሚታሰብ አይደለም። የንጉሡ ሥር ወፍራም ስለሆነ ሞርሳ ባሳየኝ መንገድ ወደ ላይ 15 ሚሊሜትር ቦረቦርኩ። ሳንቲሞቹን ከላይ አስገባሁ፣ በዝግባ ደፈንኩ፣ ጥቅልሉን ከታች በሰም አስቀመጥኩ። ቦርዱ ላይ ሳስቀምጠው ወዲያው ተነበበ። አንስቼ በሌላ ካሬ አስቀመጥኩት፣ ተነበበ። ጥቁሩም ገባ። የወይራው ፑንታ ሁለቴ ጋለብኝ፤ አንዴ ትንሽ ሸቶኛል፣ አልዋሽም።

ንግሥቶቹ ግን ወገባቸው ቀጭን ነው። ሳንቲሙን ከፍ ለማድረግ ቦታ የለም። አውጥቼ አስቀመጥኳቸው። አሁን ቀለል ይላሉ፣ ግን ይነበባሉ።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። ወታደር መጨረሻ ሲደርስ ሁለተኛ ንግሥት ያስፈልጋል፤ አባቴ የቀረጸው ለየቀለሙ አንድ አንድ ብቻ ነው። የተገለበጠ ግንብ ማስቀመጥ እዚህ አይሠራም፤ ቦርዱ ግንብ ነው የሚለው። ይህን ስነግረው "ሁለት ልጨምርልህ" አለኝ። አሮጌው ስብስብ ውስጥ ትርፍ የንግሥት ጥቅልል ስላልነበረ ሁለት ሌላ እየፈለግኩ ነው።

ዛሬ ጠዋት ወንድሜ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። አባቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ አንድ ቁራጭ ዝግባ ይዟል። ከፎቶው ሥር እንዲህ ይላል፦ ወገቧን ወፈር አደርጋታለሁ፣ የሳንቲሙና የጥቅልሉ ቀዳዳ ስንት ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ጽፈህ ላክ ብሎሃል።