የቆቦው የሱፍ ዘይት ከሐይቁ ለምን ይበልጥ ይቆያል?

ጥያቄ (ዘይት ጨማቂ፣ ኮምቦልቻ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በአነስተኛ መጭመቂያ የፈረንጅ ሱፍ ዘይት አወጣለሁ፤ ለጾም ፍትፍት የሚሆነውን ነጩን የአገር ሱፍ ማለቴ አይደለም። ፍሬውን የምገዛው ከቆላማው ቆቦና ከወይና ደጋው ሐይቅ ከተማ አካባቢ ገበሬዎች ሲሆን፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ዘር እንደዘሩ ነግረውኛል። የማጣራውም ሆነ የማስቀምጠው በአንድ መንገድ ነው። ሆኖም የሐይቁ ዘይት ሽታው ቶሎ ሲለወጥ የቆቦው ይቆያል። ቆላው ከወይና ደጋው የተለየ ዘይት ያፈራል ማለት ነው?

መልስ 1፦
አዎ፣ ሊያፈራ ይችላል። በተለመደው የሱፍ ዘይት ውስጥ ከአሥር እጅ ዘጠኝ ያህሉን የሚይዙት ኦሌይክና ሊኖሌይክ የተባሉት አሲዶች ናቸው፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል። ተክሉ አስቀድሞ ኦሌይክን ይሠራና በአንድ ኢንዛይም አማካኝነት ከፊሉን ወደ ሊኖሌይክ ይለውጠዋል። ፍሬው በሚሞላበት ወቅት ሙቀቱ ከበረታ ይህ ኢንዛይም ስለሚዳከም ብዙው ኦሌይክ ሳይለወጥ ይቀራል። ሊኖሌይክ ደግሞ ከአየር ጋር ቶሎ ስለሚዋሐድ፣ እርሱ የበዛበት ዘይት ፈጥኖ ይሸታል። ሐይቅ 2,000 ሜትር፣ ቆቦ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ በመካከላቸው ሦስት ዲግሪ ያህል የሙቀት ልዩነት ይጠበቃል።

መልስ 2፦
ከላይ የተሰጠው መልስ ትክክል ቢሆንም፣ እኔ ከከፍታው ይልቅ አበባው የፈነዳበትን ወር አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ወሳኙ ከአበባ በኋላ ያሉት ጥቂት ሳምንታት፣ በተለይም የሌሊቱ ሙቀት ነው። ቆቦ ላይ በመስኖ ተዘርቶ በታኅሣሥ ብርድ ፍሬው የሚሞላ ሱፍ ቆላ በመሆኑ ብቻ ኦሌይክ ይበዛበታል ማለት አይቻልም። ዘሩንም በገበሬው ቃል ብቻ አይመኑ። በ1970ዎቹ በሶቪየት ኅብረት ከተገኘው ፔርቬኔትስ ከተባለው ዝርያ የተዳቀሉት ኦሌይካቸው ከ75 በመቶ በላይ ሲሆን፣ ሙቀት ቢጨምር ቢቀንስ ብዙም አይለወጡም። ሙቀቱ እጅግ ሲበዛ ደግሞ የፍሬው ክብደት ይቀንሳል፣ የዘይቱም መጠን ይቀንሳል፤ ስለዚህ የቆላው ሱፍ ብዙ ፋጉሎና ጥቂት ዘይት ቢሰጥዎ አይገረሙ።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለቱም በክረምት ዝናብ የበቀሉ ናቸው፤ በእርግጥም ብዙ ፋጉሎ የሚወጣው ከቆቦው ሱፍ ነው። የአዮዲን ቁጥራቸውን ማስለካት ይጠቅመኛል?

መልስ 2፦
በእጅጉ ይጠቅማል። የአዮዲን ቁጥር 100 ግራም ዘይት ስንት ግራም አዮዲን መያዝ እንደሚችል የሚያሳይ ልኬት ነው። ሊኖሌይክ የበዛበት ዘይት ብዙ አዮዲን ይይዛል፤ የተለመደው የሱፍ ዘይት ከ118 እስከ 141፣ ኦሌይክ የበዛበት ግን ከ78 እስከ 90 ነው። የቆቦው 90 አካባቢ ከወጣ ልዩነቱ ከአየሩ ሳይሆን ከዘሩ ነው።