«የነዳጅ ተውሳክ» ምን ማለት ነው? መርከቡ ታሟል እንዴ?

ሚሚ ዘአትላንታ፦
ሰላም ቤቶች። አንድ ዐረፍተ ነገር አስቸግሮኛል። እማዬ 60 ዓመት ልትደፍን ነው። ከእህቶቼ ጋር ሆነን ከማያሚ በሚነሳ መርከብ ካሪቢያንን ለ7 ሌሊት ልናዞራት አስበናል። ትኬቱን የሚቆርጡልን ሐበሻ ናቸው፤ ትልቅ ሰው፣ ድሮ በድቁና ያገለገሉ። ትናንት ስልክ ላይ «ሒሳቡ ይኸው ነው። ነዳጅ ከናረ ግን የነዳጅ ተውሳክ ሊታሰብ ይችላል» አሉኝ። ስፒከር ላይ ነበርኩ። እማዬ ሰማች። «ተውሳክ ያለበት መርከብ ላይማ አልወጣም!» ብላ አረፈች። መርከብ ላይ ስለሚነሳው ተቅማጥና ትውከት አንድ ጊዜ ዜና ሰምታለች፣ ከዚያ ወዲህ አልለቀቃትም።
ጥያቄዬ ሁለት ነው። «ተውሳክ» እንዲህም ይባላል? ደግሞ «ሊታሰብ ይችላል» ሲሉ፣ ሙሉውን ከፍለን ከጨረስን በኋላም ማለታቸው ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦
ሰውየው ልክ ናቸው። ወሰከ፣ ጨመረ። ተወሰከ፣ ተጨመረ። ተውሳክ፣ ጭማሪ። ግእዙ ይኼው ነው። በሽታ ያደረግነው እኛ ነን። ትምህርት ቤት «ተውሳከ ግስ» ስትማሪ ግሱን ያመመው መስሎሽ ነበር?

ሚሚ ዘአትላንታ፦
ያመመኝማ እኔን ነበር 😂

የዋሸራው፦
ፊደል ቆጣሪ ጀመረው እንጂ አልጨረሰውም። የተውሳክ አገሩ ባሕረ ሐሳብ ነው፣ በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበት የቤተ ክርስቲያን ቀመር። የቅዳሜ ተውሳክ 8፣ የእሑድ 7፣ እንዲህ እያለ ዓርብ 2 ላይ ያርፋል። መጥቅዕ (ከዓመቱ ቀመር የሚወጣው ቁጥር) የዋለበትን ዕለት ተውሳክ መጥቅዑ ላይ ስትጨምሩ ምን ይወጣል? መባጃ ሐመር። ሐመር ምንድን ነው? መርከብ! ሰውየው ዝም ብለው አልተናገሩም፣ ቅኔ ዘረፉ። ሰሙ ነዳጅ፣ ወርቁ ባሕረ ሐሳብ። በመባጃ ሐመር የሚገባው ጾም ደግሞ ነነዌ ነው። ወደ ነነዌ ማን ሄደ? ዮናስ። በምን? በመርከብ።

ፊደል ቆጣሪ፦
ዮናስ በመርከብ የሄደው ወደ ተርሴስ ነው፤ ከነነዌ ሲሸሽ። ዋሸራ ቅኔ ቤት ይህን ዘለሉት?

የዋሸራው፦
ቅኔ ቤት ስገባ አንተ ፊደል አልቆጠርክም ነበር፣ ወንድሜ።

ናፍጣ፦
ዮናስ «ዋጋ ሰጥቶ» ገባ ነው የሚለው። የነዳጅ ተውሳክ የሚል አላነበብኩም። ያኔ ነዳጁ ነፋስ ነዋ። ነፋሱ ሲንር ግን የመርከቡን ዕቃ ሁሉ ባሕር ውስጥ ወረወሩት። ከዚያ ተውሳኩን መክፈል ይሻላል።

ሰዋስው፦
ሁላችሁም ዋናውን አለፋችሁት። ማቴዎስ 6፥33 በግእዝ «ወዝንቱሰ ኵሉ ይትዌሰከክሙ» ነው። አማርኛው «ይህም ሁሉ ይጨመርላችኋል» አለው። ያቺ «ላ» ከየት መጣች? ግእዙ ውስጥ የለችም። አማርኛ ግን ሰው ላይ የሚደርስን ጭማሪ ሲናገር «ላ» ወይም «ባ» ይጠይቃል። ደመወዝ ይጨመርልሻል። የቤት ኪራይ ይጨመርብሻል። ሰውየው «ይጨመርብሻል» ቢሉሽ ወዲያው «ለምን?» ትያቸው ነበር። «ተውሳክ» ብለው ስም ሲያደርጉት «ላ»ም «ባ»ም የለም። ሳይናገሩ ተናገሩ። አንዳንዱ ደግሞ «የነዳጅ ማካካሻ» ይለዋል፤ እሱ ይብሳል፣ የተጎዳው መርከቡ ነው ማለት ነው።

የዋሸራው፦
አይደለም። ያለ ተውሳክ በዓል አይወጣም። መባጃ ሐመር ላይ 14 ካልጨመርክ ዐቢይ ጾምን አታገኝም፤ 9 ካልጨመርክ ትንሣኤን አታገኝም። ተውሳክ ቅጣት አይደለም፣ የቀመሩ አካል ነው። ስለዚህ ሰውየው «ተውሳክ» ካሉ ከመጀመሪያው ዋጋው ውስጥ ያለ ነው።

ሰዋስው፦
የባሕረ ሐሳብ ተውሳክ ቁርጥ ነው። የትንሣኤ አምናም 9፣ ዘንድሮም 9። የመርከቡ ግን ከገበያ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ምሳሌ ልስጥህ። የመርከብ ሽርሽር ድርጅቱ ካርኒቫል በፈረንጆቹ 2007 መጨረሻ ላይ ከፌብሩዋሪ 2008 ጀምሮ በሰው በቀን 5 ዶላር እጨምራለሁ አለ። ስሙን ግን ጭማሪ አላለውም፣ «ሰፕልመንት» አለው። ልክ እንደ ቫይታሚን! ቀድመው ትኬት የቆረጡትም ላይ ተጫነ። ሰው ጮኸ። የፍሎሪዳ ዋና ዐቃቤ ሕግ ገባበት፣ ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ለተሳፋሪዎች ሊመለስ ተስማሙ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ የድፍድፍ ዘይት በርሜሉ 147 ዶላር ደረሰ፤ ዲሴምበር ላይ ከ40 በታች ወረደ። ይኼን ነው ከትንሣኤ ተውሳክ ጋር የምታወዳድረው? በኋላ ውሉ ላይ አስቀድመው ጻፉት፦ በርሜል ከ70 ዶላር ካለፈ በሰው በቀን እስከ 9 ዶላር።

የዋሸራው፦
9 አልክ? የትንሣኤ ተውሳክ! አልኳችሁ።

ሰዋስው፦
🤦🏾

የአሰብ ልጅ፦
ልጆች፣ እኔ መርከብ ላይ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝ። መርከብ ላይ የሚሞላውን ነዳጅ «ባንከር» ነው የምንለው። የድንጋይ ከሰሉ ማከማቻ ስም ነበር፤ ከሰሉ ሄደ፣ ስሙ ቀረ። በጭነት መርከብ ደግሞ ይኼ ጭማሪ «ባፍ» ይባላል። ዕቃ በጂቡቲ የሚያስገባ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ከፈረንጆቹ 2020 ወዲህ ደግሞ የነዳጁ ድኝ ከ3.5 ወደ 0.5 በመቶ ይውረድ ስለተባለ ንጹሑ ነዳጅ በራሱ ተወደደ። ተውሳክ የሚል መርከበኛ አንድም አላጋጠመኝም።

ናፍጣ፦
«ባፍ» የተባለው ባፍ የሚነገር ስለሆነ ነው? የሚሚ ሰውዬም ባፍ ነው የነገሯት 😂

የአሰብ ልጅ፦
አንተ ልጅ ቀልድህን ተው።

ናፍጣ፦
እሺ ጋሼ፣ ቁም ነገር ልናገር። ናፍጣ እና ነፍጥ ወንድማማች ናቸው። ናፍጣን ጣሊያን «ናፍታ» ከሚለው፣ ነፍጥን ዐረብ «ነፍጥ» ከሚለው አምጥተናቸዋል፤ ነፍጥ የሚነድ ዘይት ነበር፣ ኋላ ባሩድ ሆነ፣ እኛ ጋ ጠመንጃ ሆነ። ስለዚህ የናፍጣ ጭማሪ ማለት በነፍጥ የሚከፈል...

አወያይ፦
«ነፍጥ» ላይ አንድም ፊደል እንዳትጨምሩ። ተውሳክም ቢሆን። ክሩን እዘጋዋለሁ።

ፊደል ቆጣሪ፦
ወደ «ነዳጅ» እንመለስ። ወለደ፣ ወላጅ። ነደደ፣ ነዳጅ። ነዳጅ ራሱ የሚነደው ነው። የሚያነደው «አንዳጅ» ነው። እንግዲህ እዚህ ታሪክ ውስጥ ነዳጁ ማን ነው?

ናፍጣ፦
ከፋዩ።
ይልቅ አንድ ነገር ላንሳ። አባቴ በየካቲት 1966 አዲስ አበባ ታክሲ ይነዳ ነበር። ቤንዚን ሲጨመር ታክሲዎቹ ቆሙ፤ ሳምንት ሳይሞላ መንግሥት ከጭማሪው ላይ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ፣ ዙፋኑም አልቀረ። አባቴ እስከ ዛሬ «ጨመሩብን» ነው የሚለው። በ«ባ»። ያኔ «ተውሳክ ተደርጓል» ተብሎ በሬዲዮ ቢነገር ግማሹ ሰው የወባ ዘመቻ ይመስለው ነበር።

ሰዋስው፦
ይኸው! እኔ ይኼን ነው ስል የዋልኩት።

ሚሚ ዘአትላንታ፦
በጣም ደስ ይላል፣ እውነት። ግን ከከፈልን በኋላ ሊጠይቁን ይችላሉ ወይስ አይችሉም?

ፊደል ቆጣሪ፦
ቁልፉ «ሊታሰብ» ላይ ነው። ታሰበ ማለት ተቆጠረ ነው ወይስ በልብ ታሰበ? ተቆጠረ ከሆነ ደረሰኝ ላይ ይወጣል። በልብ ከሆነ ገና ሐሳብ ነው።

የዋሸራው፦
ሐሰበ ቆጠረ ነው! ባሕረ ሐሳብ የቁጥር ባሕር ነው እንጂ የትካዜ ባሕር አይደለም።

ፊደል ቆጣሪ፦
ታዲያ «አሳብ» ብለህ ስትጽፍ በየት ወጣ ያ ቁጥር? በየትኛው ሀ ነው የምትጽፈው አንተ?

የዋሸራው፦
በሐመሩ ሐ! በመርከቡ! እየነገርኳችሁ!

ሚሚ ዘአትላንታ፦
እማዬን «መርከቡ ጤነኛ ነው፣ የታመመው በርሜሉ ነው» ብዬ አሳምኛታለሁ። ሰውየውንም ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ ተውሳኩ በላ ነው በባ?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ እሱን ድርጅቱን ጠይቂ» አሉኝ።

የዋሸራው፦
«ድርጅት» ከደረጀ ነው። ደረጀ ደግሞ...