ሱናክ ሥልጣን ላይ ስለወጣ እኛ ምን አገኘን?

ጠያቂው፦ እስቲ እኛ እንግሊዝ ያለን ሐበሾች ሳንፈራራ እናውራ። እንደ ፈረንጆቹ 2024 ጸደይ ላይ ብሪታንያን ሪሺ ሱናክ፣ ስኮትላንድን ሁምዛ ዩሳፍ፣ ዌልስን ቮን ጌቲንግ ይመሩ ነበር። ሦስቱም ነጭ አይደሉም። ያኔ ሰዉ ሁሉ "አገሪቱ ተለወጠች" ሲል ለእኔ አልዋጥልኝ አለ። አሁንም አልተዋጠልኝም።

የክሮይደኗ (ክሮይደን የለንደን ሰፈር ነው)፦ ምኑ ነው ያልተዋጠልህ ወንድሜ? ዳያን አቦት በ1987 ፓርላማ እስክትገባ ድረስ እዚያ ወንበር ላይ አንዲት ጥቁር ሴት ተቀምጣ አታውቅም። ወላጆቿ ከጃማይካ የመጡ ናቸው፣ እናቷ ነርስ ነበሩ። በዚያ ምርጫ አብረዋት የገቡት ነጭ ያልሆኑት በርኒ ግራንት፣ ፖል ቦቴንግና ኪዝ ቫዝ ናቸው። በቃ፣ አራት ሰው ከ650! ቦቴንግ የመጀመሪያው ጥቁር የካቢኔ ሚኒስትር ሲሆን ደግሞ 2002 ደርሶ ነበር።

ባለታክሲው፦ አቦትን ከሱናክ ጋር አትቀላቅዪብኝ። የሱናክ አባት ሐኪም፣ እናቱ ባለፋርማሲ። የተማረው ዊንቸስተር ኮሌጅ ነው፣ ኮሌጅ ይባል እንጂ የሀብታም ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፣ ከዚያ ኦክስፎርድ፣ ጎልድማን ሳክስ የሚባለው ትልቅ ባንክ፣ ስታንፎርድ። የእኔ ልጅ መልኩ ስለጠቆረ ያ በር ይከፈትለታል? ምሳሌ ከፈለግሽ ሳዲቅ ካንን ጥሪ። የአውቶቡስ ሾፌር ልጅ፣ በመንግሥት ቤት ያደገ፣ ከ2016 ጀምሮ የለንደን ከንቲባ።

የክሮይደኗ፦ ይኸው ራስህ መለስከው። ካንም አለ፣ ሱናክም አለ። ሱናክ የመንግሥት መሪዎቹ ቤት ዳውኒንግ ስትሪት በር ላይ የሂንዱዎቹን የዲዋሊ በዓል መብራት ሲያበራ እኔ እንባዬ መጣ። ልጄ ግን "እና ምን ይገርማል?" አለችኝ። ያገኘነው ይሄን ነው። እሷን አይገርማትም።

ማንቼ (የማንቸስተሩ)፦ የራሳችንን ሰው ረሳችሁት እኮ። ገጣሚው ለምን ሲሳይ! እናቱ ኢትዮጵያዊት፣ እሱ በ1967 ሰሜን እንግሊዝ የተወለደ። ኖርማን ብለው ለነጭ ቤተሰብ ሰጡት፣ ቤተሰቡ 12 ዓመት ሲሞላው መለሰው፣ ከዚያ ከአንዱ ማሳደጊያ ወደ ሌላው ሲንከራተት አደገ። እናቱ ያወጣችለት ስም "ለምን" መሆኑን ያወቀው ከማሳደጊያ ሊወጣ ሲል ነው። (ስሙን እኛ ስንሰማው ሌላ ነው፣ ፈረንጅ አይገባውም።) በ2015 የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ሆነ። ይሄን ለብሪታንያ ውለታ ብዬ ልቁጠርላት? እኔ ማሳደጊያው ውስጥ አብረውት የነበሩት ልጆች ናቸው የሚታዩኝ።

ባለታክሲው፦ ተባረክ። እኔን የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። ስደተኛን ሩዋንዳ የመላክ ስምምነት በ2022 ሲፈረም የአገር ውስጥ ሚኒስትሯ ፕሪቲ ፓቴል ነበረች። ወላጆቿ ከኡጋንዳ የመጡ ሕንዶች። ከዚያ ሱዌላ ብራቨርማን ተቀበለቻት፣ አባቷ ከኬንያ። ከላይ ደግሞ ሱናክ፣ የእሱም አባት ኬንያ የተወለደ። ወላጆቻቸውን ያስገባውን በር እነሱ ከውስጥ ሆነው ቀረቀሩት። ፈረንሳይ፣ ካሌ ዳርቻ ወደ እንግሊዝ የሚሻገርበት ጀልባ የሚጠብቀው ሐበሻ እነሱን አይቶ ምን ይበል?

የክሮይደኗ፦ ሐሳቡ የመጣው በቦሪስ ጆንሰን ጊዜ ነው። ነጭ ቢሆን አይልክህም ነበር?

ባለታክሲው፦ ይልከኝ ነበር። ግን ነጩ ሲልከኝ አጨብጭብ የሚለኝ የለም።

ጠያቂው፦ ሱናክን ሲያጨበጭቡለት ከነበሩት አንዱ አንተ አልነበርክም እንዴ? ግሩፑ ላይ ፎቶውን የለጠፍከው?

ባለታክሲው፦ ነበርኩ። አጥፍቼዋለሁ።