ሀዋሳ ላይ ሸርጣን ማርባት ያዋጣል?

ጥያቄ (ባለኩሬው)፦
ሰላም ወገኖች። ጥቁር ውሃ አካባቢ ትንሽ ቦታ አለኝ። ኩሬ አስቆፍሬ ቆሮሶ ላስገባ ነበር ሀሳቤ፣ ቲክቶክ ላይ ቻይናዎቹ ሸርጣን ሲያረቡ አየሁና ልቤ ሸፈተ። ወንዙ ቅርብ ስለሆነ ውሃ ችግር የለም፣ ሲቆሽሽም እዚያው መልሼ እለቀዋለሁ። ጫጩቱ ከየት ይገኛል?

የሐይቁ ልጅ፦
ወንድሜ ቀስ በል። የቻይናው ሸርጣን ጨው በሌለው ውሃ ያድጋል እንጂ አይራባም። እንቁላል የሚጥለው ጨዋማ ውሃ ወርዶ ነው። ስለዚህ በየዙሩ ጫጩት ከባሕር ማዶ ልታስመጣ ነው፣ ከነፈቃዱ ከነጭነቱ። ደግሞ ቅርፊቱን ሲቀይር ገላው ለስላሳ ስለሚሆን፣ መደበቂያ ሣር ካላበዛህለት ጓደኞቹ ይበሉታል።

ሲስ፦
ቆይ፣ ለማን ልትሸጠው ነው? አሞራ ገደል ዓሣ የሚበላው ሰው ሸርጣን ብታቀርብለት ያማትባል። ቅርፊት የለውም ብሎ አምባዛ የማይነካ ስንት አለ! አዲስ አበባ ያሉ የቻይና ምግብ ቤቶችን መጀመሪያ ጠይቅ፣ ከዚያ ቆፍር።

ባለኩሬው፦
ሃሃ እሺ። የኛው አገርስ? ወንዝ ዳር ድንጋይ ስር ያለው?

የሐይቁ ልጅ፦
እሱ ጨው አይፈልግም። ልጆቹ ከእንቁላል ሲወጡ ትንንሽ ሸርጣን ሆነው ነው፣ እናትየው ሆዷ ስር ይዛቸው ትዞራለች። ግን የምትፈለፍለው ጥቂት ነው። ከወንዝ ለቅሞ መሸጥ ደግሞ እርባታ አይባልም።

ዓሣ ባለሙያ፦
እኔን ያስደነገጠኝ "መልሼ እለቀዋለሁ" ያልከው ነው። የጥቁር ውሃ ወንዝ የሚገባው ሐይቁ ውስጥ ነው፣ የሀዋሳ ሐይቅ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም፣ የገባው ቆሻሻ እዚያው ይከማቻል። የተረፈ መኖና ኩስ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን አልጌ ያበዛል፣ አልጌው ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፣ ከዚያ ዓሣው ሞቶ ይንሳፈፋል። ሸርጣን ደግሞ ከኩሬ ወጥቶ በደረቅ መሬት ይሄዳል፣ አጥር ካላበጀህለት አመለጠህ ማለት ነው። የቻይናው በ1912 እ.ኤ.አ. ጀርመን ወንዝ ውስጥ ታየ፣ ዛሬም አውሮፓ ውስጥ የወንዝ ዳር እየቦረቦረ ያስቸግራል። ጎረቤታችን ኬንያም በ1970 እ.ኤ.አ. ለገበያ ብለው ናይቫሻ ሐይቅ የለቀቁት ቀይ ክሬይፊሽ (የሸርጣን ዘመድ ነው) የውሃውን ተክል ክፉኛ ጎድቷል።
ቆሮሶህን ያዝ። ወንድ ወንዱን ብቻ አስገባ፣ አለዚያ ይዋለድና ጣት የምታክል ዓሣ ይሞላብሃል። ፉርሽካና ፋጉሎ ስትሰጥ በልቶ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ። የቆሸሸውን ውሃ ለጎመንህ ልቀቀው፣ ማዳበሪያ ነው።

ባለኩሬው፦
ተባረክ። ጎመን እንኳ የለኝም፣ ቃሪያ ነው ያለኝ። ይሆናል?

ዓሣ ባለሙያ፦
ይሆናል፣ ቅጠሉ ላይ አታፍስሰው እንጂ። በቦይ ወደ ሥሩ ልቀቀው።