ጆርጅ ፎርምቢ፦ አነሳሱ፣ የቤሪል ድርሻ እና ያ የባንጆሌሌ አመታት ስልት

ባለክራሩ

ጤና ይስጥልኝ። ስለ እንግሊዛዊው ዘፋኝና ኮሜዲያን ጆርጅ ፎርምቢ የሚነገረው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ጥርሱ ገጠጥ ያለ የሰሜን እንግሊዝ፣ የላንካሽር ሰው፣ ትንሽ ባንጆ መሳይ ነገር ይዞ ይስቃል፣ ያስቃል። ከዚያ አልፎ የሚያብራራ እምብዛም የለም። ስሙን ከአባቱ ወርሶ ነው የኖረው ወይስ በራሱ ነው የወጣው? ሚስቱ ቤሪል ባትኖር ምንም አይሆንም ነበር የሚባለውስ እውነት ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀኝ እጁ። ሸክላውን ሰምቶ መለየት ያስቸግራል፤ ሁለት ሰው የሚመታ ነው የሚመስለው። ለክራር እጅ በሚገባ መንገድ የሚያስረዳ ካለ እግዜር ይስጥልኝ።

የሪል ሣጥን

ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጽፈው።

ስሙን ወርሷል፤ ግን ቶሎ አልጠቀመውም። አባትየው በመድረክ ስሙ ጆርጅ ፎርምቢ የሚባል የታወቀ የሙዚክ ሆል (ዘፈንና ቀልድ የሚቀርብበት አዳራሽ) ኮሜዲያን ነበር። ልጁ በ1904 ዊገን ከተማ ሲወለድ የወጣለት ስም ጆርጅ ሆይ ቡዝ ነው። አባቱ ወደ መድረክ እንዲጠጋ አልፈለገም፤ በ7 ዓመቱ ፈረስ ጋላቢ እንዲሆን ሰጠው፣ በ10 ዓመቱ ውድድር ገባ። አባቱ በ1921 ሲሞት ግን የአባቱን ቀልድና ዘፈን እንዳለ ይዞ ኧርልስታውን በሚገኘው ሂፖድሮም በሚባል ቲያትር ቀረበ። ያኔ የሚጠራው ጆርጅ ሆይ እየተባለ ነው። አልሆነለትም። ሕዝቡ አባቱን ያውቀዋል፤ ግልባጩን ለማየት የሚከፍል ደግሞ ጥቂት ነው።

የለወጡት ሁለት ነገሮች ተከታትለው መጡ። በ1923 ያንን ትንሽ ባንጆ መሳይ፣ ባንጆሌሌን፣ ያዘ፤ በ1924 ቤሪል ኢንጋምን አገባ። ቤሪል በእንጨት ጫማ ጭፈራ ሻምፒዮን የነበረች፣ መድረክን ጠንቅቃ የምታውቅ ሴት ናት። የአባቱን አሮጌ ገጸ ባሕርይ አስጣለችው፣ ሙሉ ልብስ አልብሳ በራሱ መልክ አቆመችው፣ ውሉንም ገንዘቡንም ያዘች። በሀብቱ ጫፍ ላይ እያለ እንኳ የምትሰጠው የኪስ ገንዘብ በቀን 5 ሺሊንግ ነበር ይባላል። «ባትኖር ምንም አይሆንም ነበር» የሚለው ግን ለእኔ ግማሽ እውነት ነው። ውል መደራደር ይቻላል፤ ያንን ፈገግታና ያንን ቀኝ እጅ ግን ማንም ተደራድሮ አያመጣውም።

ሲኒማው የተጀመረው በጣም በርካሽ ነው። በ1934 የወጣው «ቡትስ! ቡትስ!» በ3,000 ፓውንድ፣ ለንደን አልባኒ ጎዳና ላይ ባለች አንድ ክፍል ስቱዲዮ ተቀረፀ። ለሁለት ሳምንት ሥራ 100 ፓውንድ እና ከትርፉ 10 በመቶ ተሰጠው። ሥዕሉ ደብዛዛ፣ ድምፁ የታፈነ ነው፤ የሰሜኑ ሕዝብ ግን ተሰልፎ አየው። ከዚያ የፊልም አዘጋጁ ባሲል ዲን ኢሊንግ ወደሚባለው ስቱዲዮ ወሰደው፤ ከ1935 እስከ 1941 ድረስ እዚያ 11 ፊልም ሠራ። የመጀመሪያው «ኖ ሊሚት» በአይል ኦፍ ማን የሞተር ሳይክል ውድድር ላይ የተመሠረተ ነው፤ አንድ ብቻ የምታይ ከሆነ እሱን እይ። ቀመሩ ከፊልም ፊልም አይለወጥም፤ የሚለወጠው የሥራ ልብሱ ነው። ቂል የሚመስል ሰው፣ የማትደረስ ልጅ፣ ሦስት አራት ዘፈን፣ አንድ ረጅም ማሳደድ። ሠላሳዎቹ ሲያልቁ በብሪታኒያ ፊልም ከፍተኛ ተከፋይ እሱ ነበር። በ1941 ኮሎምቢያ ወደሚባለው የፊልም ኩባንያ የተዛወረበት ውል 500,000 ፓውንድ ያወጣ ነበር፤ 7 ፊልም ሠራላቸው። የመጨረሻው በ1946 ወጥቶ ከሰረ፤ ወደ ፊልም አልተመለሰም።

በጦርነቱ ጊዜ ለወታደሮች ትርኢት በሚያዘጋጀው ኤንሳ በሚባለው ድርጅት ሥር ሲዞር ያዩት ወታደሮች ወደ 3 ሚሊዮን ይገመታሉ፤ በ1944 ኖርማንዲም ሄዷል። በ1946 ደቡብ አፍሪካ ሲዞሩ የሆነው ብዙ ጊዜ አይነሳም። ባልና ሚስቱ በዘር ለተከፋፈለ አዳራሽ አንጫወትም አሉ። አንዲት ጥቁር ሕፃን ለቤሪል ቸኮሌት ስትሰጣት አቅፋ ሳመቻት። የናሽናል ፓርቲው መሪ ዳንኤል ማላን ስልክ ደውሎ ሲቆጣ ቤሪል በስድብ መለሰችለት።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። በ1951 ለንደን ፓላስ ቲያትር ውስጥ «ዚፕ ጎዝ ኤ ሚሊዮን» በሚባል ሙዚቃዊ ተውኔት ትልቅ ስኬት አገኘ፤ በ1952 የልብ ድካም ከሥራው አስወጣው። ቤሪል በ1960 የፈረንጆች ገና ዋዜማ ሞተች። እሱ ሁለት ወር ሳይሞላው ከአንዲት አስተማሪ ጋር ታጨ፤ ጋብቻው ሳይፈጸም ማርች 6 ቀን 1961 አረፈ።

ቅኔ ወዳጅ

የሪል ሣጥን ዘፈኖቹን ዘለላቸው፤ እኔ ልሙላ።

ብዙ ሰው ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ የጻፈው ይመስለዋል። በሸክላው ላይ ስሙ አለ፤ የብዙዎቹ እውነተኛ ደራሲዎች ግን ሃሪ ጊፎርድና ፍሬድ ክሊፍ ናቸው። ዘፋኙ ስሙን ያስገባል፣ ከገቢው ይካፈላል፤ የዘመኑ ንግድ እንዲህ ነበር። ኖታ ማንበብም አይችልም።

የቢቢሲ ጉዳይ እንዲህ ነው። የ1936ቱ የመስኮት አጣቢ ዘፈን ውስጥ አጣቢው መሰላል ላይ ሆኖ በየመስኮቱ ያየውን ይቆጥራል፤ አዳዲስ ሙሽሮችም አሉበት። ቢቢሲ አይተላለፍም አለ። በ1937 ደግሞ የብላክፑል ሮክ መጣ። ሮክ ማለት በባሕር ዳር ከተማ የሚሸጥ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የከተማው ስም በውስጡ የሚያልፍ የስኳር በትር ነው። ያ በትር ምን ሊባልበት እንደሚችል አንባቢ ይረዳዋል፤ እሱም ተከለከለ። የታገዱት ዘፈኖቹ እንጂ ሰውየው አይደለም።

«ይኼማ ሰምና ወርቅ ነው» ለማለት ይቃጣል። ልዩነት ግን አለው። የእኛው በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ፍች ይሸሽጋል፤ ሰሙን ፈትተህ ወርቁን ታወጣለህ። የፎርምቢ ግን ቃሉ አይሰነጠቅም። ዕቃው ራሱ ነው ሌላውን ዕቃ የሚያስታውስ፤ የቀረውን ፊቱ ይሠራዋል። አስነዋሪው ስንኝ ላይ ሲደርስ ዓይኑን ፈጠጥ አድርጎ ምንም እንዳልገባው ልጅ ይስቃል፤ ክፉ ያሰበው አድማጩ ሆኖ ይቀራል። ይኸው ግጥም ዓይኑን በሚጠቅስ ዘፋኝ አፍ ቢገባ ባለጌ ነው የሚሆነው።

ለማዳመጥ አንድ ምክር፦ የዚያ ዘመን 10 ኢንች ሸክላ አንዱ ገጽ ወደ 3 ደቂቃ ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ስንኞች ተቆርጠው በፊልሙ ወይም በሌላ ሸክላ ላይ ይገኛሉ። የመስኮት አጣቢው ራሱ በ1936 አዲስ ስንኞች ተጨምረውለት ዳግመኛ ተቀርጿል። ግጥሙ አልገጠመልኝም ብለህ ጆሮህን አትጠራጠር።

ጅማት አጥባቂ

ስለ እጁ ልምጣ።

ባንጆሌሌ የባንጆ አካል ያለው ዩኩሌሌ (ትንሽ ጊታር) ነው፦ አራት ክር፣ ክብ ቆዳ፣ አጭር አንገት። ቃኙ በፈረንጆች የድምፅ ስም ጂ–ሲ–ኢ–ኤ ነው፤ የጂው ክር ወፍራም ሳይሆን ከሲው በላይ የሚጮህ ቀጭን ነው። ይህን ልብ በል፣ ምስጢሩ ግማሹ እዚህ ነው።

አመታቱ «ስፕሊት ስትሮክ» ይባላል። ስምንት ቁጠር። በ1 በሌባ ጣትህ ጥፍር አራቱንም ወደ ታች። በ2 ጣትህ ሲመለስ ወለሉን የሚያየውን የኤ ክር ብቻ ይንካ። በ3 ሲወርድ ፊትህን የሚያየውን የጂ ክር ብቻ። በ4 አራቱንም ወደ ላይ፤ በ5 እና በ6 ነጠላ ክር። በዚህኛው ቡድን የትኛው ክር እንደሚቀድም ተጫዋቾች ይለያያሉ። በ7 ወደ ታች፣ በ8 ወደ ላይ፣ ሁለቱም ሙሉ። ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት ሆነ ማለት ነው። እግርህ እኩል ይረግጣል፤ አጽንኦቱ ግን በ1፣ በ4 እና በ7 ይወድቃል። ሁለት ሰው የሚመታ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ሁለቱ ጫፍ ክሮች ደግሞ ሁለቱም ቀጭን ስለሆኑ እንደ ጥያቄና መልስ ይሰማሉ።

ክራር ስትገርፍ የማትፈልገውን ክር የግራ እጅህ ጣት ያፍነዋል። እዚህ ግራ እጅ ኮርዱን (አብረው የሚሰሙትን ድምፆች) ይዞ ዝም ይላል፤ ክር የሚመርጠው የቀኝ አንጓህ ቅስት ነው። ሰፊ ቅስት አራቱን፣ አጭር ቅስት አንዱን። የምትመታውም የቆዳው መሀል ላይ ሳይሆን አንገቱ ከክቡ ጋር በሚገናኝበት ላይ ነው።

ሌላው የሚያደናግረው ቁልፉ፣ ማለት ዘፈኑ የሚነሳበት የድምፅ ከፍታ ነው። ፎርምቢ በተለያየ ቃኝ የተቃኙ በርካታ ባንጆሌሌዎች ነበሩት፤ ዘፈኑ ከፍ ሲል ኮርድ ሳይሆን መሣሪያ ይለውጣል። በኤ–ዲ–ኤፍ ሻርፕ–ቢ የተቃኘው ላይ የሲን ኮርድ የጣት ቅርጽ ብትይዝ የሚሰማው ዲ ነው።

ባለክራሩ

እግዜር ይስጥልኝ። ሦስተኛው ቁጥር ላይ ጣቴ ይሰናከላል፤ ከጂው ጋር ሲውም ይነካል። ከፊልሙ ጋር አብሬ ስመታ ደግሞ መሣሪያው በትክክል ተቃኝቶ ሳለ አይገጥምም። አምስተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) አካባቢም ክሮቹ ይንጫጫሉ።

ጅማት አጥባቂ

ሲው የሚነካው ክንድህ ስለሚወርድ ነው። ክንድህን መሣሪያው ላይ አሳርፈህ አንጓህን ብቻ አንቀሳቅስ፤ ጂውን ከነካህ በኋላ ጣትህን ወደ ውስጥ አትግፋ፣ ከቆዳው አርቀው። ሜትሮኖሙን (ምት መቁጠሪያውን) 60 ላይ አድርገህ በአንድ ምት ሁለት ሁለት ቁጠር፤ እጅህ ለአፍታም ሳይቆም አምስት ደቂቃ ካልዘለቀ ፍጥነት አትጨምር።

ፊልሙ ላይ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። በሴኮንድ 24 ሥዕል የተቀረፀ ፊልም በአውሮፓ ዲቪዲ ላይ በ25 ይሄዳል፤ 4 በመቶ ፈጥኖ ድምፁ ከግማሽ ቶን ጥቂት ባነሰ መጠን ይወጣል። በኮምፒውተር ፍጥነቱን ወደ 96 በመቶ አውርደህ ሞክረው።

የሚንጫጫው ቆዳው ላልቶ ነው። የእንስሳ ቆዳ ከሆነ እርጥበት ሲገባው ይረግባል፤ ክሮቹን የተሸከመችው የእንጨት ድልድይ ትሰምጥና ክሮቹ ፍሬቱን ይነካሉ። በዙሪያው ያሉትን ማጥበቂያዎች አንዱን ሩብ ዙር፣ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን ሩብ ዙር እያልክ አጥብቅ፤ በተርታ ከዞርክ ቀለበቱ ይጣመማል። በደረቅ ወቅት መልሰህ አላላው፤ አለዚያ ይቀደዳል። ድልድይዋ አልተጣበቀችም፣ ትንሸራተታለች፤ ከአንገቱ ራስ እስከ 12ኛው ፍሬት ያለውን ለካና በዚያው ርቀት ከ12ኛው ወዲያ አቁማት። 12ኛው ላይ ተጭነህ ስትመታ ድምፁ ከሚገባው ከፍ ካለ ጥቂት ወደ ጭራው ግፋት። የብረት ክርም አትሰርበት፤ አንገቱ ለናይለን የተሠራ ስለሆነ ይጎብጣል።