«የወፍ በሽታ» እና «ኢክተረስ»፦ ወፏ ከየት መጣች?

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ በነርስነት የሚያገለግሉ እህታችን ያነሡት ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ የሚገባው ነው። ሐኪሙ በታካሚው ካርድ ላይ «ኢክተሪክ ስክሌራ» ብሎ ጽፏል፤ የታካሚው እናት ደግሞ ሐኪሙ ዘንድ ከመቅረባቸው በፊት የልጃቸውን ዓይን አይተው «የወፍ በሽታ ነው» ብለው ጨርሰዋል። እህታችን የጠየቁት ከሁለቱ ስሞች የትኛው ትክክል ነው የሚል ነው። በእኔ አስተያየት ሁለቱ ስሞች ከሚመስለን በላይ የሚቀራረቡ ናቸው፤ አንደኛው ሳይንሳዊ መስሎ የሚሰማን የቃሉን ፍቺ ስለማንሰማው ብቻ ነው።

«ስክሌራ» የዓይን ነጩ ክፍል ሲሆን፣ ስሙ «ጠንካራ» ከሚለው የግሪክኛ ቃል የወጣ ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ የሚባል የለም። ነገሩ ያለው «ኢክተረስ» ላይ ነው። ይህ ቃል በግሪክኛ የዓይንና የቆዳ ቢጫ መሆን መጠሪያ ነበር፤ አንዲት ቢጫ ወፍም በቀለሟ ምክንያት በዚሁ ስም ትጠራ ነበር። በ79 እ.ኤ.አ. የሞተው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደመዘገበው፣ በሽተኛው ይህችን ወፍ ቢመለከታት እርሱ ይድናል፣ ወፏ ግን ትሞታለች ተብሎ ይታመን ነበር። ግሪኮች ካራድሪዮስ ስለሚሏት ሌላ ወፍም ተመሳሳይ ነገር ይነገር ነበር፤ እንዲያውም ወፍ ሻጮች ማንም በነጻ አይቷት እንዳይድን ሸፍነው ይይዟት ነበር ይባላል። ገበያተኛው የትም አገር ያው ገበያተኛ ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ሰውየው ቢጫ የሆነው የሌሊት ወፍ በላዩ ስላለፈችበት ነው ይባላል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ በግሪኮቹ ዘንድ ወፏ በሽታውን ታነሣለች፤ በእኛ ዘንድ ታመጣዋለች። አንዳንድ አንባቢዎች ይህን ሲሰሙ የአማርኛው ስም ከግሪኩ ወርዶ ይሆናል ለማለት ይቸኩሉ ይሆናል፤ የካራድሪዮስ ታሪክ «ፊሳልጎስ» ተብሎ ወደ ግእዝ በተመለሰው ጥንታዊ የእንስሳት መጽሐፍ በኩል አገራችን መግባቱም ሐሳቡን የሚደግፍ ይመስላል። እኔ ግን አልቀበለውም። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ወፏ በጠቅላላው የታመመን ሰው ደዌ ወስዳ ወደ ፀሐይ ትበርራለች እንጂ ቢጫነትን ለይታ አታመጣም፤ እናቶቻችን የሚከሷት የሌሊት ወፍም ከእርስዋ ጋር የምትዛመድበት መንገድ አይታይም።

የሕክምናውን ነገር በተመለከተ፣ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው «ቢሊሩቢን» የሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ስሙ «ሐሞት» እና «ቀይ» ከሚሉ ሁለት የላቲን ቃላት ተጋጥሞ የተሠራ ነው። ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ ይፈጠራል፤ ጉበት ካላጣራው ወይም የሐሞት መውረጃው ከተዘጋ በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ «ኢክተረስ»ም ሆነ «የወፍ በሽታ» የሚጠሩት ምልክቱን እንጂ መንሥኤውን አይደለም። መንሥኤው የጉበት ብግነት ከሆነ «ሄፓታይተስ» ይባላል፤ «ሄፓር» ጉበት ነው፣ «አይቲስ» የሚለው ቅጥያ ደግሞ በመጀመሪያ «የእርሱ የሆነ» ከማለት ያለፈ ፍቺ ሳይኖረው፣ ኋላ ላይ በሐኪሞች ልማድ ብግነትን የሚያመለክት ሆነ።

ሐሞትን ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። ግሪኮች «ጥቁር ሐሞት» ሲበዛ ሰው ይተክዛል ብለው ስላመኑ ትካዜን «ሜላንኮሊያ» አሉት። አማርኛ ግን በሐሞት ውስጥ ያስቀመጠው ወኔን ነው፤ ደፋሩን «ሐሞተ ኮስታራ»፣ ፈሪውን «ሐሞተ ቢስ» እንላለን፣ ተስፋ የቆረጠውም «ሐሞቱ ፈሰሰ» ይባላል። አንዱን የሰውነት ክፍል ሁለት ሕዝቦች እንዲህ ለተራራቀ ጠባይ ማደሪያ ማድረጋቸው ያስደንቀኛል።

በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ለኖረ ሰው «ማላሪያ» የሚለው ስም እንግዳ አይሆንበትም፤ በጣሊያንኛ «መጥፎ አየር» ማለት ነው፣ ረግረግ ከሚተፋው አየር ይመጣል ተብሎ ስለታሰበ። ፈረንሳዊው ሐኪም ላቭራን በ1880 እ.ኤ.አ. ተውሳኩን በበሽተኛ ደም ውስጥ ካየ፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ሮስም በ1897 እ.ኤ.አ. በትንኝ ውስጥ ካገኘው በኋላ እንኳ ስሙ አልተለወጠም። የእኛ «ንዳድ» በዚህ ረገድ የተሻለ ነው፤ ስለ መንሥኤው ምንም ሳይል በሽተኛው የሚሰማውን ብቻ ይናገራል። ግሪክኛውም ትኩሳትን የሚጠራበት «ፒሬቶስ» እሳት ከሚለው ቃል የወጣ ስለሆነ፣ «ነደደ» ብሎ «ንዳድ» ካለው ጋር አሳቡ አንድ ነው።

ይህን ሁሉ ስል የአማርኛው ስም ሁልጊዜ ይበልጣል ማለቴ አይደለም። «ደም ብዛት» የሚለው አጠራር ብዙ ሰዎችን አሳስቷል፤ ደሜ በዝቷል ብሎ የሚያምን ታካሚ መድኃኒቱን ትቶ ደም ቢቀንስለት የሚመርጥበት ጊዜ አለ፤ «ደም ግፊት» የሚለው ይሻላል። ከዚህም የከፋው «ነቀርሳ» ነው። «ሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ቲቢ ነው፤ ነገር ግን «ነቀርሳ» ብቻውን ሲሆን ካንሰርን ለማለትም ስንጠቀምበት ኖረናል። በግሪክኛና በላቲን ግን ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፦ «ካንሰር» ሸርጣን ማለት ሲሆን፣ ጥንታዊው ግሪካዊ ሐኪም ጋሌን እንደሚያስረዳው በጡት ዕጢ ዙሪያ ያበጡት ደም ሥሮች የሸርጣን እግር ስለሚመስሉ የተሰጠ ስም ነው፤ «ቱበርክሎሲስ» (ቲቢ) ደግሞ በሳንባ ላይ ከሚታዩት ትንንሽ እብጠቶች የተወሰደ ነው። በጀርመናዊው ሐኪም በኮህ እጅ በ1882 እ.ኤ.አ. የተገለጠ ባክቴሪያ የሚያመጣውን፣ በመድኃኒት በወራት ውስጥ የሚድነውን በሽታ አንድ አባት ካንሰር ነው ብለው ሰምተው ተስፋ ቢቆርጡ ጥፋቱ የእርሳቸው አይደለም። ስለዚህ እህታችን የቲቢ ውጤት ለቤተሰብ ሲነግሩ «ሳንባ ነቀርሳ» ብለው ባይተዉት፣ «ቲቢ ነው፤ ካንሰር አይደለም» ብለው ሁለቱን ስም ለይተው ቢናገሩ ይሻላል እላለሁ።